የማላውቀውን ንገሩኝ

ፕላዝማ ወደ ትምህርት ቤታችን የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እኔም ያን ዓመት ደብረ ማርቆስ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ጀመርኩ። ከጥቁር ሰሌዳው ጎን በር ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ሰፊ ቴሌቪዥን ተተከለ፤ ግቢው ውስጥ ዲሽ ቆመ። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን በከተማችን ሀብታም በሚባል ሰው ቤት እንኳን አላየንም ነበር። የመጀመሪያው ሰሞን ሁላችንም ፊት ወንበር ለመያዝ በጠዋት እንሮጥ ነበር።

ትምህርቱ የሚቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነበር። በሳተላይት ይመጣና ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሲቪክስና እንግሊዝኛ በየሰዓታቸው ይተላለፋሉ። እኛ ደብረ ማርቆስ የምናየውን ገጽ በዚያው ደቂቃ የጎዴም፣ የጋምቤላም፣ የአርሲም ተማሪ ያየዋል። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ፕላዝማው ይወስደዋል፤ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ለማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ለማጠቃለል ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል። በመካከሉ ማቆም፣ መመለስ፣ «አልገባንም» ማለት የለም። መምህሮቻችን እጃቸውን አጣጥፈው ከሣጥኑ አጠገብ ሲቆሙ ማየት ከብዶኝ ነበር። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ከእኛ እኩል ቆሞ ያዳምጣል።

ሐሳቡን ከመሠረቱ አልነቅፍም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየወረዳው እየተከፈቱ ነበር፤ ለሁሉም የሚበቃ የሠለጠነ መምህር ግን አልነበረም። የአዲስ አበባ ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት የገጠሩም ልጅ እኩል ያግኝ ማለት የተከበረ ዓላማ ነው። ባዮሎጂው ላይ ደም በልብ ውስጥ ሲዘዋወር በሥዕል አይቼ የተረዳሁትን ያህል በማንም አልተረዳሁም። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪው ሙከራ በረከት ነበር። የእንግሊዝኛው ጉዳይ ግን ከሁሉም ይለይ ነበር።

የእንግሊዝኛዋ መምህርት ከስክሪኑ ላይ ጥሩ ፈገግታ ነበራት። ምንባብ ታነባለች፤ «ኦፕን ዩር ቴክስትቡክስ» ትላለች፤ ገጹን ስንፈልግ ምንባቡን ትጀምራለች። ከዚያ ጥያቄ ትጠይቀናለች። ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ መልሳችንን መጠበቋ ነው። ክፍሉም ዝም ይላል። ከሰባ በላይ ነን፤ ግማሹ ጥያቄውን አልሰማውም፤ የሰማው ደግሞ ለማን እንደሚመልስ አያውቅም። እሷ ግን ጥቂት ቆይታ «ቬሪ ጉድ! ዛት ኢዝ ራይት» ትልና ታልፋለች። ያልመለስነውን መልስ እያመሰገነች ዓመቱ አለቀ።

እስከዚያ ድረስ እንግሊዝኛን ስንማር ስምንት ዓመት ሆኖን ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጎታል። የአንደኛ ክፍል መምህራችን ሁሉንም ትምህርት ለብቻቸው የሚያስተምሩ፣ ደከመኝ የማይሉ ሴት ነበሩ። ኤቢሲዲን በዜማ አስተማሩን። «ጉድ ሞርኒንግ ክላስ» ሲሉ ጣሪያው እስኪነሣ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» እንላለን። «ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት?» የምትለዋን ሳይማር የቀረ ልጅ አልነበረም፤ ሽንት ቤት የሚያስኬደው እሷ ነበረች። አሁን ሳስበው ከስምንት ዓመቱ ትምህርት ሁሉ ለእውነተኛ ጉዳይ የተጠቀምንባት ዐረፍተ ነገር እሷ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህም ከቶ አልረሳናትም።

ሌላው ሁሉ ከሰሌዳ ወደ ደብተር የሚገለበጥ ነበር። ግራመር ይጻፋል፤ እንገለብጣለን፤ ባዶ ቦታ እንሞላለን። ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ የሚባለው መጽሐፋችን ውስጥ «ከጓደኛችሁ ጋር ተወያዩ» የሚል መልመጃ በየገጹ ነበር፤ መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ልጅ መናገር እንዳለበት ያውቃሉ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን በምንቀመጥበት፣ ሰባ ልጅ በአንድ ጊዜ ቢያወራ ጎረቤት ክፍል በሚረበሽበት ቤት መምህሩ ያን መልመጃ ዘልሎ ወደ ግራመሩ ቢሄድ ምን ይፈረድበታል? የራሱም እንግሊዝኛ እንዲሁ በመገልበጥ የመጣ ነው።

ሳይንሱን እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ተምረናል፤ ይህም በረከት ነበር። ብርሃን አስተፃምሮን ለታናሽ እህቴ በቅጠል እያሳየሁ እስከማስረዳ ድረስ አውቀዋለሁ። ዘጠነኛ ስገባ ያው ትምህርት በማላውቀው ልብስ መጣ። ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም ሁሉም በአንድ መስከረም ቋንቋቸውን ቀየሩ። ትናንት እጃቸውን አውጥተው ይሽቀዳደሙ የነበሩ ልጆች ዝምተኛ ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስምንቱን ዓመት የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል ፈተና የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይቷል፤ አያስደንቀኝም። ችግሩ በአማርኛ መማራችን አልነበረም። በአማርኛ ያወቅነውን በእንግሊዝኛ ለአንድ ሰው እንድንነግር ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር።

አባቴ ይህን ነገር ከእኔ ቀድሞ ያየው ሌላ ትምህርት ቤት ስለተማረ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ነው። ቆሎ ተማሪ ሆኖ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ደጃፍ ለደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የግዕዝን ቅኔ ተምሯል። ግዕዝ ማንም እናት ለልጇ የማትናገረው ቋንቋ ነው፤ እንደ ባዕድ ቋንቋ ከቁጥር ሊገባ ይችላል። ቅኔ ቤት ግን የሚማሩት በመገልበጥ አይደለም። ተማሪው ግሱን ካጠና፣ አገባቡን ካወቀ በኋላ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀን ደበሎውን ተከናንቦ ከዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ የኔታ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይነግራል። የትናንቱን ደግሞ ማምጣት አይቻልም፤ የሌላ ሰው መንገር ነውር ነው። የኔታ ሰምተው ያቃናሉ። ካማረ ጓደኞቹ «ይበል!» ይሉታል፤ ካላማረ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዋድላም ቢሆን፣ የቅኔ ቤት ሥርዓት በዚህ አንድ ነው፦ በቋንቋው አዲስ ነገር ሳይናገር የሚውል ተማሪ የለም።

አባቴ ቅኔውን ሳይጨርስ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የመጣው ዘግይቶ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሰላም ጓድ የምንላቸው አሜሪካውያን በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ግድም ሲመጡ 280 ገደማ ነበሩ፤ በኢትዮጵያ የሚመሯቸውም ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ፤ ኋላ በአገራቸው ሴናተር ሆነዋል። ማርቆስም ደርሰዋል። የአባቴ የእንግሊዝኛ መምህር ከእሱ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። አንድ ሰኞ ገብቶ «ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ ያያችሁትን ጻፉ» ብሎ አዘዘ። የክፍሉ ልጆች ከመጽሐፍ ለመገልበጥ ፈለጉ፤ እሱ መጽሐፉን አስዘጋ። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ይበራ ነበር። «ፈረንጁም እንደ የኔታ አዲስ አምጣ አለን» ይለኝ ነበር። ያን ቀን የጻፈው ስለ አንዲት ውኃ ቀጂ ሴት ነበር፤ እንስራዋን ሳታወርድ ቆማ ከሰው ጋር ስታወራ ስላያት። ፈረንጁ አንብቦ «ምን ታወራ ነበር?» ብሎ በጥያቄ መለሰለት። ስህተቱን ሳያሰምር ጥያቄ መጠየቁ አባቴን ለዘላለም ከእንግሊዝኛ ጋር አጣበቀው።

አገራችን ውስጥ የባዕድ ቋንቋ ትምህርት ረጅም መንገድ መጥቷል፤ እዚህ ሁሉንም አልዘረዝርም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዓረብኛ ይሰጥ ነበር። የበላይነቱን ይዞ የቆየው ፈረንሳይኛ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም በዚያው ቋንቋ ይሠራ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። ያኔ ያስተማሩት እንግሊዞች፣ ካናዳውያንና ሕንዶች፣ ኋላም አሜሪካውያን ነበሩ፤ ተማሪ ከቋንቋው ባለቤት ጋር ፊት ለፊት ይነጋገር ነበር፤ የሚማረው ግን ጥቂት ሰው ነው። ፈረንጆቹ ሲሄዱና ደርግ ትምህርቱን በስፋት ሲያዳርስ ቁጥሩ በዛ፤ መነጋገሩ ቀረ። ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ የሚለው መጽሐፍ ከሀገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ፤ የሚያናግረው መምህር ግን አብሮት አልደረሰም። ትምህርት ለብዙኃን መዳረሱን እኔ በጣም እደግፋለሁ። ማንም ልጅ እንደ አባቴ ቆሎ ለምኖ እንዲማር አልመኝም። ብዙኃኑ ግን ጥቂቶቹ ያገኙትን ማግኘት ነበረባቸው፤ ያገኙት ግማሹን ብቻ ነው።

ፕላዝማው በመጣ ሰሞን አባቴ ማታ ማታ እራት ላይ «ዛሬ በእንግሊዝኛ ምን አልሽ?» ይለኝ ጀመር። «ምን ተማርሽ» አይልም።

«ምንም አላልኩም አባባ። የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ነው» አልኩት አንድ ቀን።

«እሱ የራሱን ይናገር። አንቺስ?»

ከዚያ ማታ ጀምሮ ሁለት መስመር እንድናገር አዘዘኝ። ስለማንኛውም ነገር ይሁን፤ የትናንቱ አይደገም። በኩራዝና በጧፍ ያነበበ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ማንበብ አይወድም፤ በቃሌ ነው የምነግረው። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ቢሆንም ከምድጃው አጠገብ ሆና ታዳምጣለች፤ አባቴ ፈገግ ሲል እሷም «ይበል» ትላለች። የመጀመሪያዎቹ አሁን ጠፍተውብኛል። አንዷን ግን አልረሳም፤ በኅዳር አጨዳ ላይ ዝናብ ጥሎ የዘመዶቻችን ጤፍ የረጠበ ጊዜ ያልኳት ናት፦ «ዘ ሬይን ኬም ቢፎር ዘ ቴፍ ዋዝ ሆም።» አባቴ ዝም ብሎ ቆየና «ሁለተኛው መስመርስ?» አለኝ። «ናው ዊ ኢት ሜይዝ» አልኩት። ያን ማታ እሱም «ይበል» አለ። በእንግሊዝኛ አዝኜ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በዚያ ቋንቋ ማዘን እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ክፍል ውስጥ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ደብረ ማርቆስ ያኔ መብራት የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነበር። ሌሎች መምህራን ፕላዝማው ሲጠፋ ማስታወሻ ያስገለብጡናል። የእንግሊዝኛ መምህራችን ግን መብራት ሲሄድ ጃኬታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ መካከል ይመጡ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡ ሰው ናቸው። «ቴል ሚ ሳምቲንግ አይ ዶንት ኖው» ይሉናል። የማላውቀውን ንገሩኝ። መጀመሪያ የተናገረ የለም። መምህርን የማያውቀውን እንንገር ብሎ ማሰብ ራሱ ድፍረት መሰለን። እሳቸው ግን እውነታቸውን ነበር። ጎጃምን አያውቁትም፤ ማወቅ ይፈልጉ ነበር።

ከክፍላችን ግማሹ የገጠር ልጅ ነው። ሦስት አራት ሆነው ከከተማ ቤት ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናት ወይም ወንድም ከገበያ ጋር ስንቅ ያመጣላቸዋል፤ እሱን እየቆጠቡ ሳምንቱን ያድራሉ። ከነሱ አንዱ ከኋላ የሚቀመጥ ረጅም ልጅ ነበር፤ ድምፁን ሰምተን አናውቅም። መብራት በሄደ በአንደኛው ቀን ተነሣና የማያርስ በሬ እንዴት እንደሚታወቅ እነግርዎታለሁ አለ። በእንግሊዝኛ። «ዘ ኦክስ ኖው ሂዝ ኔም። ኢፍ ዩ ኮል ኤንድ ሂ ከም፣ ሂ ዊል ፕላው።» ስሙን ያወቀ፣ ሲጠሩት የሚመጣ በሬ ያርሳል፤ ሲጠሩት የሚሸሸው ግን ቀንበር ቢጭኑበትም ፈር አይዝም። ያጣውን ቃል በአማርኛ እየሞላ፣ ሞፈሩን በክንዱ እያሳየ፣ ሳያፍር ቀጠለ። መምህራችን አላቋረጡትም። ሲጨርስ ያለውን ሁለት ዐረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ በትክክል ጻፉት፤ ከዚያም «እና ያን በሬ ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ጠየቁት። «ዊ ሴል ሂም ቱ ታውን ፒፕል» ሲላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሳቸውም። እስከ ደወሉ ድረስ አምስት ልጆች ስለ በሬ ተከራከሩ፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ እኔ አውቃለሁ እያለ። በማግስቱ መብራት ስለነበር ፕላዝማው ስለ ለንደን የምድር ባቡር አስተማረን።

ስለዚያ መምህር ባሰብኩ ቁጥር ልቤ በምስጋና ይሞላል። እሳቸው የተለየ መሣሪያ አልነበራቸውም። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነበር፤ መልሱን በእርግጥ አያውቁትም፤ ስለዚህ ልጁ ያለው ቋንቋ ሁሉ ተጠራርጎ ወጣ። ባዶ ቦታ ሙላ ስንባል ጠያቂው መልሱን ቀድሞ ያውቀዋል፤ እንደተሳሳትን ለማየት ብቻ ነው የሚጠይቀን። ልጅ ይህን ይለያል።

ፈተናው ግን ያን ልጅ አላወቀውም። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያኔ በሙሉ ምርጫ ነበር። የተዘበራረቀ ዐረፍተ ነገር በቅደም ተከተል ታስተካክላለህ፤ የጎደለ ምልልስ ትሞላለህ፤ ትክክል ያልከውን ፊደል በእርሳስ ታጠቁራለህ። መናገር አልነበረም፤ አንዲት መስመር መጻፍም አልነበረም። ያ የበሬው ልጅ ለመሰናዶ የሚያበቃው ነጥብ አልመጣለትም። ኬሚስትሪው በአማርኛ ሲነገረው ከእኔ ቀድሞ የሚገባው ልጅ ነበር፤ ይህን አብረን እያጠናን አይቻለሁ። ወደ ቴክኒክና ሙያ ተላከ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሙያ መማሩ ክፉ አይደለም፤ የላከው ግን ፍላጎቱ ሳይሆን የእንግሊዝኛ ምርጫ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ብዙ ሰው ልጆቹን ሰነፍ አለ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ጦርነቱም፣ ወረርሽኙም፣ የፈተና ስርቆቱም ተነሥቷል። እኔ ያሰብኩት ግን ፊዚክሱን ለመመለስ መጀመሪያ ጥያቄውን ማንበብ የነበረበትን ልጅ ነው።

እኔ ወደ መሰናዶ፣ ከዚያም በ2001 ዓ.ም. ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመደብኩ። ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል። መምህሩ ስላይዱን በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ከባዱ ቦታ ላይ ሲደርስ በአማርኛ ያስረዳል። ለእኔ ይጠቅመኛል። ከኋላዬ ለተቀመጡት ለሶማሌዎቹ፣ ከወለጋ ገጠር ለመጡት አንዳንድ ኦሮሞዎች ግን እንግሊዝኛውም አማርኛውም ሁለቱም የሰው ቋንቋ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ዶርም ስለገባሁ ነው።

የአልጋዬ ጎረቤት ከጎዴ የመጣች ልጅ ነበረች። በሶማልኛ ነው የተማረችው፤ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ወስዳዋለች፤ መናገሩ ላይ ግን ትቸገራለች። እኔ ደግሞ ሶማልኛ አንድ ቃል አላውቅም። የቀረን እንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣት፣ በፈገግታና «ሜይ አይ»ን በመሰለ ነገር አለፉ። አንድ ማታ ስለ ዘጠነኛ ክፍል ስናወራ ያቺን የፕላዝማ መምህርት አስመስላ «ቬሪ ጉድ! ዛት ኢዝ ራይት!» አለች፤ ከአልጋዬ ላይ ዘልዬ ተነሣሁ። እሷም ታውቃታለች! በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደቂቃ፣ እኔ ደጋ ላይ ጋቢ ለብሼ እሷ ቆላ ላይ በላብ ተጠምቃ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቀን ሁለታችንም ዝም ብለናል። ቋንቋው ያን ጊዜ ሁለታችንን ማገናኘት ይችል ነበር፤ ትምህርቱ የተሠራው ግን ለመገናኘት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የአባቴን ሁለት መስመር ለእሷ ነገርኳት፤ እሷም ወደደችው። ሶማሌዎች ግጥምን እንዴት እንደሚያከብሩ ያኔ ነው ያወቅኩት። አያቷ ስለ ግመል ግጥም በቃላቸው እንደሚያውቁ፣ ግጥም ላይ የመጀመሪያ ድምፆች መመሳሰል እንዳለባቸው ነገረችኝ፤ እኔ ስለ ሰምና ወርቅ ነገርኳት። ይህን ሁሉ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ማንም ውጤት አይሰጠንም። ካልገባት ትጠይቀኛለች፤ ካልገባኝ እጠይቃታለሁ፤ መልሱን የምትጠብቀው ስለምትፈልገው ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስንደርስ እንግሊዝኛችን ክፍል ውስጥ ሰው ዞር ብሎ የሚሰማው ሆኖ ነበር። የምናወራው ግን ስለ ግመል፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ሰርግ፣ ስለ ቤታችን ሰው ነበር። ሐረማያ ውስጥ የተሰጠኝ ምርጡ የእንግሊዝኛ ኮርስ ያች አልጋ ነበረች ብዬ ሳልጠራጠር እናገራለሁ።

እሷ ዛሬ አገሯ ተመልሳ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች። እስካሁን የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛዋ አሁን ከብዙ ሰው ይሻላል፤ ልማድ ሆኖብን ነው። ፕላዝማው በእሷም ትምህርት ቤት ከቆመ ቆይቷል። ክፍሏ እንደ እኛው ብዙ ተማሪ አለበት። ሁሉንም በአንድ ቀን ማናገር ስለማትችል በዴስክ ረድፍ ተራ አውጥታላቸዋለች፤ የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ ደቂቃዎች የነሱ ናቸው። ጉዳዩን መጀመሪያ በሶማልኛ ይማከሩበታል፤ ከዚያ ተራው የደረሰው በእንግሊዝኛ ይናገራል። ይህን ያየ ሱፐርቫይዘር «የባዮሎጂ ሰዓት ነው፤ ለምን በሶማልኛ ይነጋገራሉ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። የሚናገሩት ነገር እንዲኖራቸው ነው ብላ መለሰችለት፤ አሠራሯንም አልቀየረችም።

በቅርቡ የላከችልኝ ስለ ዋቢ ሸበሌ ጎርፍ ነው። ተራው የደረሰው ልጅ ተነሥቶ «ዘ ሪቨር ከም አት ናይት። ኢን ዘ ሞርኒንግ ዊ ካውንት ጎትስ» አለ። ስንት ቀሩ ብላ ጠየቀችው። «ኢለቨን» አላት፤ አጠገቡ ያለው የአጎቱ ልጅ ደግሞ ተነሥቶ «ኖ ቲቸር፣ ትዌልቭ፤ ዋን ኢዝ ኢን አወር ሃውስ» አለ። ከዚያ ወንዙ የመጣው ማታ ሳይሆን ሊነጋ ሲል ነው የሚል ከኋላ ተነሣ፤ ረድፉ በሙሉ ገባበት፤ ተራ ያልደረሳቸውም እጃቸውን አወጡ። ያን ቀን ለባዮሎጂው የተረፋት ጊዜ ትንሽ ነበር፤ ለነገው አሸጋገረችው።